ኮዱ ክፍት፣ ሳጥኑ ዝግ

የመጀመሪያዬ አንድሮይድ ስልክ አማርኛ አይችልም ነበር። ጓደኛዬ «እንዴት አደርክ» ብሎ ሲጽፍልኝ እኔ ጋ የሚደርሰው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነው። አራት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ደግሞ አራት ሳጥን። ጊዜው 2011 ገደማ ነው፤ አንድሮይድ 2.3 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ ፌስቡክ ላይ አማርኛ ለማንበብ ኦፔራ ሚኒን ከፍተን፣ አድራሻው ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብለን ጽፈን፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷን መስመር ከ«ኖ» ወደ «የስ» እንቀይር ነበር። ኦፔራ ፊደሉን ሰርቨሩ ላይ ሥዕል አድርጎ ይልክልናል። ዘዴው ይሠራል። ለኤስኤምኤስ ግን አይሆንም።

በመጨረሻ ስልኩን መርካቶ ወዳለ አንድ ስልክ ሰሪ ወሰድኩት። ልጁ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘውና «ሩት ላድርግልህ? ዋስትናው ግን ይሄዳል» አለኝ። (ሩት ማድረግ ማለት ፋብሪካው የዘጋውን የሲስተሙን ክፍል የሚያስነካ ሙሉ ሥልጣን ማግኘት ነው።) ይሂድ አልኩት። አንዲት የግዕዝ ፎንት ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ከተተ፣ አጥፍቶ አበራው። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም።

ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቀረ። አንድሮይድ ክፍት ምንጭ ነው ይባላል። ኮዱን ማንም ያየዋል፣ ይቀዳዋል፣ ያሻሽለዋል። ታዲያ አንዲት ፎንት ለመጨመር ለምን በጓሮ ተሹለክልኮ መግባት አስፈለገ? ስልኩ የኔ ነው። ኮዱ የሁሉም ነው። ቁልፉስ የማን ነው?

የትኛውን ቁልፍ እንደማወራ አስቀድሜ ልለይ፤ እኛ አገር ሁሉም «ተቆልፏል» ነው የሚባለው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ የኢትዮጵያ ሲም አልቀበልም ሲል «ተቆልፏል» እንላለን። ያ የኔትወርክ ቁልፍ ነው። ስልኩን በረጅም ጊዜ ክፍያ የሸጠው ኩባንያ ደንበኛው እንዳያመልጠው የሚያደርገው ነው። አሜሪካ በ2014 ደንበኞች ይህን ቁልፍ እንዲያስከፍቱ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። ጂሜይላችንን ረስተን ስልኩ አላስገባም ሲለንም «ተቆልፏል» እንላለን፤ እሱ የሌባ መከላከያ ነው። እኔ የማወራው ሦስተኛውን ነው። ስልክ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሥራው ዋናውን ሲስተም መቀስቀስ ነው። ከመቀስቀሱ በፊት ግን ፊርማ ያያል። የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ሲስተም አያስነሳም። የበር ዘበኛ በሉት፤ የሚያውቀው አንድ ማኅተም ብቻ ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ ያለው ፋብሪካው ጋ ነው።

ዘበኛው ዛሬ ስልክ ላይ ብቻ አይደለም የቆመው። ቴሌቪዥን፣ ራውተር፣ የጌም ማሽን፣ መኪና፣ ትራክተር ሁሉ ላይ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ ሊኑክስ የሚባል ክፍት ሲስተም አለ። ነፃ ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፈትነውታል፤ ከባዶ ሲስተም የሚጽፍ አምራች ጅል ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን ሲሠራ መነሻው ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሌላ ክፍት ሲስተም ነበር። የአይፎን ሲስተምም ውስጥ ከቢኤስዲ የመጣ ኮድ አለ። ስለዚህ «ክፍት ኮድ በተቆለፈ ዕቃ ውስጥ መግባት አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ረፍዶበታል። ገብቷል። የቀረው በምን ውል ይግባ የሚለው ነው።

ቲቮ የሚባል ሳጥን

ክርክሩ ስሙን ያገኘው ቴሌቪዥን ሥር ከሚቀመጥ ሳጥን ነው። ቲቮ በ1999 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። (የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም በዚያው ዓመት ነው፤ ስልኮቻችን ወሬውን ለመስማት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው እንጂ።) ሳጥኑ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀዳል። ቀጥታ ስርጭት አቁመህ፣ ሻይ አፍልተህ፣ ተመልሰህ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። ውስጡ ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስ የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ነው። የፈቃዱ አባት ሪቻርድ ስታልማን ነው። የእሱ ንዴት የጀመረው ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ በነበረ የዜሮክስ ማተሚያ ነው። በፊት በነበራቸው ማተሚያ ላይ ስታልማን ኮዱን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲሱም ወረቀት ይነክሳል፤ ኮዱን ግን የሚሰጠው ሰው አጣ። በ1983 ጂኤንዩ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እንደሚሠራ አወጀ። ሊኑክስ የያዘው የጂፒኤል ሁለተኛ ዕትም በ1991 ወጣ። ቁም ነገሩ አጭር ነው፤ ኮዱን ውሰድ፣ አሻሽል፣ ሽጥ። ለሌላ ስታስተላልፍ ግን ኮዱን አብረህ ስጥ።

ቲቮ ውሉን አልጣሰም። ኮዱን ከነማሻሻያው አወጣ። ግን ያንን ኮድ አውርደህ፣ አንድ መስመር ቀይረህ መልሰህ ብትጭነው ሳጥኑ አይነሳም። ፊርማ የለህማ። ማንበብ ትችላለህ፣ መኖር አትችልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው። ስታልማን ያቋቋመው የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰዎች ለድርጊቱ «ቲቮአይዜሽን» የሚል ስም አወጡለት። ለስታልማን የማተሚያው ነገር እንደገና መጣበት፤ አሁን ደግሞ ኮዱን አስይዞ እያሾፈ።

መልሱ ጂፒኤል 3 ነበር፤ ሰኔ 29 ቀን 2007 ወጣ። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ለተራ ተጠቃሚ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ይህን ኮድ ከከተትክ፣ የተስተካከለውን ኮድ መልሶ ለመጫን የሚያስፈልገውን ሁሉ ስጥ፤ ቁልፍ ካስፈለገ ቁልፉንም። ሁለት ቦታ ላይ ይለሳለሳል። ለድርጅት ብቻ የሚሠራ ዕቃ ላይ አይጸናም። አምራቹ ራሱም ሊቀይረው በማይችለው ዕቃ ላይም አይጸናም። ይቺ ሁለተኛዋ ደስ ትለኛለች። «አንተም አትነካውም፣ እኔም አልነካውም» ከተባለ ማንም አልተበደለም። በደሉ «አንተ አትነካውም፣ እኔ ግን ሲያሻኝ ሌሊት ገብቼ አስተካክለዋለሁ» ሲባል ነው።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተቀበለውም። በ2006 ረቂቁ ገና ሲዞር በርካታ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዋና ገንቢዎች በጽሑፍ ተቃወሙት። የቶርቫልድስ አመለካከት ገበያ ቀመስ ነው፤ እኔ ኮድ ሰጠሁ፣ ማሻሻያህን መልስልኝ፣ ጨርሰናል። ሃርድዌሩን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ስለ ሃርድዌሩ አንተ ወስን። የማይወደው ሰው ሌላ ይግዛ። ሊኑክስ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ዕትም ላይ ነው ያለው። አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ከነዘበኛቸው በሰላም የሚኖሩትም በዚህ የተነሳ ነው።

እኔ ልቤ ከስታልማን ጋር ነው። ከ2007 ወዲህ የሆነውን ሳይ ግን እጄ ይይዘኛል። ኩባንያዎቹ ቁልፉን ስጡ ሲባሉ ኮዱን ጥለው ሄዱ። ባሽ የሚባለውን የትእዛዝ ፕሮግራም ተመልከቱ። ወደ ጂፒኤል 3 ሲሸጋገር አፕል አልተከተለውም። ማክ ላይ ለዓመታት አሮጌው ባሽ 3.2 ሲያገለግል ኖረ፤ በ2019 አፕል የራሱን ምርጫ ወደ ሌላ ፈቃድ ወዳለው ዚ-ሼል አዞረው። ጉግልም አንድሮይድን ሲሠራ ከከርነሉ በላይ ያለውን ክፍል በአፓቺ ፈቃድ ነው ያወጣው፤ ጂፒኤል እንዳይገባበት ተጠንቅቆ። አፓቺ ኮዱንም እንኳ መልስ አይልም። አንድ መስኮት ሲዘጋባቸው ቤቱን ቀየሩ።

ስለዚህ «ኮዳችንን ለተቆለፈ ዕቃ አንሰጥም» ማለት ክብር ያለው አቋም ነው፤ አንድም ሳጥን ሲከፍት ግን አላየሁም። ሳጥኑ በሌላ ኮድ ይሞላል። ያ ሌላው ኮድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ያላየው ነው።

ክፍት ኮድ እና ያልተቆለፈ በር ሲገናኙ

ተቃራኒውን ምሳሌ ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ነው። ሊንክሲስ በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ራውተር አወጣ። ሰማያዊና ጥቁር፣ ከኋላው ሁለት አንቴና ያለው፣ ብዙ ቢሮ ውስጥ አቧራ ለብሶ ያየነው ነው። በ2003 ጉጉ ሰዎች ውስጡን ሲጎረጉሩ ሊኑክስ አገኙ። ኩባንያው ኮዱን አላወጣም ነበር። በዚያው ዓመት ሲስኮ ሊንክሲስን 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ ተስማማ፤ ከራውተሩ ጋር ይህን ጭቅጭቅም ወረሰ። ግፊቱ በዛና ኮዱ ወጣ።

ያ ራውተር የፊርማ ዘበኛ አልነበረውም። ኮዱ ሲወጣ በሩም ክፍት ነበረ። በ2004 ከዚያ ኮድ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባል ፕሮጀክት ተወለደ። ርካሽ የቤት ራውተር በድንገት የትልቅ ቢሮ ዕቃ የሚሠራውን መሥራት ጀመረ፤ ኢንተርኔቱን ለእያንዳንዱ ሰው መመደብ፣ ሁለት ሕንፃ ማገናኘት፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ መቁጠር። አምራቹ ይህን ሁሉ አልሠራም። ገንዘቡን ግን ተቀበለ፤ ሰው ራውተሩን ፈልጎ ይገዛ ነበራ።

ከዚያ ኩባንያው ምን አደረገ? በ2005 አምስተኛውን ሞዴል ሲያወጣ ሊኑክስን አውጥቶ ቪኤክስወርክስ የሚባል ዝግ ሲስተም ከተተበት። ማስታወሻውንም ከ16 ሜጋባይት ወደ 8 ቀነሰው። ርካሽ ይሆንለታል። ወዳጆቹ ግን ያንን አልፈለጉም። ስለዚህ አሮጌው ራውተር በአዲስ ስም ተመለሰ፤ ደብሊውአርቲ54ጂኤል። የመጨረሻዋ ኤል የሊኑክስ ናት። ዋጋው ከዝጉ ይበልጥ ነበር፤ ለዓመታት ተሸጠ። ክፍት በር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዚህ መስመር አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ ሬዲዮ። ራውተር ከተፈቀደለት ኃይል በላይ ካስተላለፈ የሌላውን ሞገድ ይረብሻል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ሲል አንዳንድ አምራቾች ምን አደረጉ? ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን ራውተሩን በሙሉ ቆለፉት። በ2016 ቲፒሊንክ ከኃይል ገደቡ ጋር በተያያዘ 200,000 ዶላር ሲቀጣ፣ የስምምነቱ አንዱ ክፍል ክፍት ሶፍትዌር ራውተሮቹ ላይ እንዲጫን ከገንቢዎች ጋር እንዲሠራ ነበር። ተቆጣጣሪው ራሱ «ሬዲዮውን ጠብቅ፣ ሌላውን ተው» አለ ማለት ነው። አምራቾች «ሕግ አስገድዶን ነው» ሲሉ ይቺን አስታውሷቸው።

ለቆላፊዎቹም ጆሮ እንስጥ

አሁን ደግሞ የማይመቸኝን ክፍል። ያ የመርካቶ ልጅ ስልኬን ይዞ አሥር ደቂቃ ተቀምጧል። ፎንት ብቻ ነው የከተተው ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጫ ግን አልነበረኝም። መልእክቴን ሁሉ ለሌላ ሰው የሚልክ ነገር ቢከትበት ኖሮ በምን አውቃለሁ? የዛሬ ስልክ እንዲህ በቀላሉ አይበረገድም፤ ዘበኛው ይጮኻል ወይም ስልኩ ጭራሽ አይነሳም። ታክሲ ውስጥ ስልክ የተሰረቀበት ሰው ይህን ቁልፍ አይጠላም። ባለቤቷን የምትፈራ ሴት፣ ፍተሻ የሚጠብቀው ጋዜጠኛም አይጠሉትም።

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ዕቃው ደኅና ነው የሚለውም ተረት ነው። በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ጠለፈ። አብዛኞቹ ውስጥ የነበረው ሊኑክስ እና ቢዚቦክስ የሚባል የትንንሽ ትእዛዝ ፕሮግራሞች ጥቅል ነው፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ቫይረሱ የገባው ግን ፋብሪካው በተዋቸው የይለፍ ቃሎች ነው። ባለቤቱ ካሜራ መግዛቱን እንጂ ኮምፒውተር መግዛቱን አያውቅም። አምራቹ ከሸጠ በኋላ ዞር ብሎ አያይም። ኮዱ ክፍት፣ በሩም ክፍት፣ ጠባቂ ግን የለም።

የልብ መቆጣጠሪያን ጉዳይ ደግሞ አስቡት። ካረን ሳንድለር የምትባል አሜሪካዊት የሕግ ባለሙያ አለች፤ የሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የሚባል የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋች ድርጅት ዳይሬክተር ናት። በልብ ሕመም ምክንያት ደረቷ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተቀብሮላታል። ኮዱን እንዲያሳዩዋት አምራቾቹን ጠየቀች፣ አልሰጧትም። በኋላ ስታረግዝ የልቧ ምት ተፋጠነ፤ እርጉዝ ላይ ይህ የተለመደ ነው። መሣሪያው ግን እንደ አደጋ ቆጥሮት ያለ አግባብ ኤሌክትሪክ ለቀቀባት። ታሪኩን ራሷ በየመድረኩ ተናግራዋለች። ማንም ሰው ከኢንተርኔት ያወረደውን ኮድ ልቤ ውስጥ ልጫን አላለም። ያለችው ደረቴ ውስጥ ያለውን ልየው ነው። ማየትና መቀየር የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በክርክሩ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ላይ ይወቀጣሉ።

ቁልፍ መቀየር

ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው የበሩን ቁልፍ መቀየር ነው። በሩን ነቅሎ አይጥልም። «ሻጩ ደግ ሰው ስለሆነ ቁልፉ እሱ ጋ ይቆይ» አይልም። ስለ ስልክ ስናወራ ግን ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስለናል፤ ወይ ሻጩ የያዘው ቁልፍ ወይ በር የሌለው ቤት። ሦስተኛው መንገድ ከተሠራ ቆይቷል።

የጉግል ፒክስል ስልኮችን ውሰዱ። ከጉግል በቀጥታ የተገዛ ፒክስል ቡትሎደሩ በባለቤቱ ፈቃድ ይከፈታል። ሲከፈት ውስጡ ያለው መረጃ በሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሰረቀው ሰው ፎቶህን አያገኝም። ከዚያ ሌላ ሲስተም ትጭናለህ፤ ለምሳሌ ግራፊንኦኤስ። ከዚያ በአዲሱ ሲስተም ቁልፍ መልሰህ ትቆልፈዋለህ። ዘበኛው ሥራውን ይቀጥላል፣ የሚያውቀው ማኅተም ብቻ ተቀየረ። ክሮምቡክ የሚባሉት የድሮ የጉግል ላፕቶፖች ደግሞ ውስጣቸው አንዲት ብሎን ነበረቻቸው። ብሎኗ ካለች ዋናው ፕሮግራም አይነካም፣ ካወጣሃት ይነካል። በርቀት ያለ ሌባ ብሎን መፍታት አይችልም። ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው ሽልማት ይገባዋል።

ኮምፒውተር ላይም ተመሳሳይ ፍልሚያ ነበር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8ን በ2012 ሲያወጣ የፊርማ ቁጥጥሩን አብሮ አመጣ። ጩኸት ተነሳ። በመጨረሻ ለተለመዱት ኮምፒውተሮች ባለቤቱ ቁጥጥሩን ማጥፋት እንዲችል አምራቾችን አስገደደ። በአርም ፕሮሰሰር ለሚሠሩት ታብሌቶች ግን እንዳይጠፋ ከለከለ። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሕግ። እንግዲህ ይህ የቴክኒክ ግዴታ ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ።

እነዚህ ሁሉ ግን በቸርነት የቆሙ ናቸው። ቸርነት ደግሞ ይነሳል። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በ2006 ሲያወጣ ሊኑክስ እንዲጫንበት ፈቅዶ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል 1,760 የሚያህሉ ፕሌይስቴሽኖችን አገናኝቶ ሱፐር ኮምፒውተር ሠራባቸው፤ ከመደበኛው በጣም ስለሚረክስ። ሆኖም ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ሶኒ ለደኅንነት ሲባል ብሎ በአፕዴት በሩን ዘጋው። አፕዴቱን እንቢ ያለ ኦንላይን መጫወት አይችልም። ደንበኞች ከሰሱ፣ ጉዳዩ ለዓመታት ተጓትቶ በካሳ ስምምነት አለቀ። ሁዋዌም እስከ 2018 ለጠየቀው ሁሉ የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ አቁሟል።

ለዚህ ነው ጉዳዩ በፕሮግራመሮች ፈቃድ ሳይሆን በሸማች ሕግ ነው የሚፈታው የምለው። ፈቃዱ የሚያስረው ኮዱን የፈለገውን ኩባንያ ብቻ ነው፤ ያልፈለገው ጥሎ ይሄዳል። ሕግ ግን ዕቃውን የሸጠውን ሁሉ ይይዛል፣ ውስጡ ያለው ሊኑክስም ሆነ ሌላ። እኔ ብጠየቅ ብዙ አልጠይቅም። አምራቹ የደኅንነት አፕዴት እስከሰጠ ድረስ፣ ይሁን፣ ቁልፉን ይያዝ። አፕዴቱን ያቆመ ቀን ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረክብ። መጠበቁን ከተወ የሚጠብቅበት ቁልፍ ምን ይሠራለታል?

አውሮፓ ወደዚህ ግማሽ መንገድ መጥታለች። ከሰኔ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ የስልክ ሶፍትዌር ማሻሻያ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲቀጥል ተደርጓል። ጥሩ ነው። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ያለው ስልክ ግን የትም አይሄድም፤ ይዞራል። ከአውሮፓ መሳቢያ ወጥቶ፣ በሻንጣ ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ይመጣል። እዚህ ደግሞ ስልክ በቀላሉ አይሞትም። ስክሪን ይቀየርለታል፣ ባትሪ ይቀየርለታል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የአምራቹ ድጋፍ ያለቀበት ስልክ እውነተኛ ሕይወቱን የሚጀምረው እኛ ጋ ነው። እንደ ሊኔጅኦኤስ ያሉ ሲስተሞች እንዲህ ያለውን ስልክ ተጨማሪ ዓመታት ሊያኖሩት ይችላሉ፤ ቡትሎደሩ ከተከፈተ። ከተከፈተም በኋላ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች «ስልክህ ተነክቷል» ብለው አይሠሩም። የደኅንነት አፕዴት ካገኘ አራት ዓመት ያለፈው ግን የተቆለፈው ስልክ ላይ ያለ ጥያቄ ይሠራሉ። ይህን ሎጂክ እስካሁን አልገባኝም።

ነፋሱ ደግሞ የሚነፍሰው ወደ መቆለፍ ነው። ጉግል በነሐሴ 2025 ማንነታቸውን ያላስመዘገቡ ገንቢዎች የሠሩትን መተግበሪያ እውቅና ያላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ መጫን እንደማይቻል አስታወቀ። ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም። ከፕሌይስቶር ውጭ ያሉትንም ይጨምራል። ምክንያቱ የማጭበርበሪያ መተግበሪያዎች መብዛት ነው፤ ማጭበርበሩም እውነት ነው። ቁጣው ሲበረታ በኅዳር ለልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ማለፊያ እንደሚያዘጋጅ ተናገረ። እኛ አገር ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም እና በሼርኢት ነው የሚዞረው። አንድ ተማሪ የሠራት የግዕዝ ቁጥር ማስያ፣ አንድ ዲያቆን ያዘጋጃት የባሕረ ሐሳብ መተግበሪያ፣ ማንም ሳይመዘግባት ከስልክ ስልክ ትሄዳለች። ያኔ ሳጥኖቹን ፊደል ያደረገችው ፎንትም እንዲሁ ነው ከእጅ ወደ እጅ የዞረችው።

አንድሮይድ በኋላ የግዕዝ ፎንት ከፋብሪካው ይዞ መምጣት ጀመረ። ዝግ የሆኑት ሲስተሞችም በጊዜያቸው ጨምረዋል፤ ስለዚህ ይህን ለክርክሬ ማስረጃ አላደርገውም። የመርካቶው ልጅ ግን ማንንም አልጠበቀም።

በቅርቡ አዲስ ስልክ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ ሻጯን «ቡትሎደሩ ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅኳት። «እሱ ምንድነው?» አለችኝ። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ማኅተሙ፣ ሌላ ሲስተም ስለመጫን አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ትንሽ አሰበችና ፈገግ ብላ «አታስብ፣ ሁለት ሲም ነው፣ የሁሉንም ኔትወርክ ይቀበላል» አለችኝ።

ገዛሁት።